«አላሰቡም፣ አይደል?»፦ ሰልጣኝ ቴራፒስት ሥራው ሲሰማ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ሥልጠናዋን ከጀመረች ጥቂት ወራት ብቻ የሆናት አንዲት ሰልጣኝ፣ በታካሚዋ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ ይዛ ወደ ሳምንታዊው የሱፐርቪዥን ሰዓታችን፣ ማለትም እኔ ሱፐርቫይዘሯ ሥራዋን ወደምከታተልበት ሰዓት፣ መጣች። (ማንነታቸውን ሊያስታውቅ የሚችለውን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ ታሪኩ እንዲጻፍም ሁለቱም ፈቅደዋል።) ታካሚዋ ልጃቸው ከሞተ ዓመት ያልሞላው፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ እናት ናቸው። ሰልጣኟ የጻፈችው ማስታወሻ ጥሩ ነበር፤ የሐዘኑ ታሪክ፣ የእንቅልፉና የምግቡ ሁኔታ፣ ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን መራቃቸው ሁሉም በየቦታው ሰፍሯል። ከታች ደግሞ «ራስን የማጥፋት ሐሳብ፦ የለም» የሚል መስመር አለ። ያየሁት ማስታወሻውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈርሜ አልፍ ነበር። ቅጂውን ከፍተን ስናዳምጥ ግን፣ ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ የሰልጣኟ ድምፅ ዝቅም ፈጠንም ብሎ እንዲህ ይላል፦ «እንደው ሕይወትዎን ስለማጥፋት ምናምን… አላሰቡም፣ አይደል?» ታካሚዋም «ኧረ! እሱ ይጠብቀኝ» አሉ፤ ወሬውም ወዲያው ወደ እንቅልፍ ተመለሰ።

ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ግሱ በአሉታ ተነግሯል፤ «አይደል?» የምትለዋ ቃል ደግሞ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። እንዲህ የተጠየቀ ሰው «አስቤያለሁ» ብሎ ለመመለስ በቅድሚያ ጠያቂውን ማሳፈር ይኖርበታል፤ ልጃቸው ልትሆን በምትችል ወጣት ፊት ይህን ማድረግ ለአንዲት እናት ምን ያህል እንደሚከብድ የአገራችንን ጠባይ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ማስታወሻው አልዋሸም፤ ታካሚዋ በእርግጥ «የለም» ብለዋል። የጎደለው አጠያየቁ ነው፤ አጠያየቅ ደግሞ በማስታወሻ ላይ አይሰፍርም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለታካሚዋ ደውለን ቀጠሮውን ወደ ማግሥቱ አመጣነው፤ እኔም አብሬ ገባሁ። ጥያቄው ቀስ ተብሎ፣ በሌላ አነጋገር በድጋሚ ሲቀርብላቸው፣ መሬት መሬት እያዩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ሌሊት ሌሊት» አሉ። ከዚያ በኋላ የተደረገው የተለመደው ሥራ ነው፤ ሐሳቡ ዕቅድ እንዳለውና እንደሌለው ማጣራት፣ በቤት ውስጥ ያለውን አደገኛ ነገር ማራቅ፣ እርሳቸው ራሳቸው የመረጧትን እህታቸውን መጥራት፣ ሌሊት ሲከብድ ለማን እንደሚደወል አብሮ መጻፍ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም እንዲያያቸው ማድረግ። እዚህ ላይ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ሰልጣኟና ስለ እኔ ነው።

እኔ ስሠለጥን ሱፐርቪዥን የሚባለው ነገር በአብዛኛው ወሬ ነበር። «ኬዙ እንዴት ነው?» እባላለሁ፤ «ጥሩ እየሄደ ነው» እላለሁ። «የከበደህ ነገር አለ?» ሲሉኝ አንድ ቀላል ችግር መርጬ አቀርባለሁ፤ ከባዱን አላቀርብም። ከዚያ ሎግቡኩ ላይ ሰዓት ይመዘገባል፣ ይፈረማል። በዓመቱ መጨረሻ የተፈለገው የሰዓት ብዛት ስለ ሞላ ብቻ ሠልጥኛለሁ ተባለ። በእነዚያ ሰዓታት ሁሉ ከታካሚ ጋር ስነጋገር ያየኝም የሰማኝም አንድ ሰው አልነበረም። አስተማሪዎቼን አልወቅስም፤ እነርሱም የሠለጠኑት እንዲሁ ነው።

ልማዱ ሩቅ ዘመን የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በርሊን ውስጥ የተከፈተው የሥነ ልቦና ትንተና ክሊኒክ ሥልጠናን በሦስት ምሰሶ አቆመ፦ ሰልጣኙ ራሱ እንደ ታካሚ በሌላ ባለሙያ መታየቱ፣ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት፣ እና በአዋቂ ክትትል ታካሚ ማከም። ሦስተኛው ምሰሶ ግን በሰልጣኙ ትዝታ ላይ የቆመ ነበር፤ አዋቂው የሚሰማው ሕክምናውን ሳይሆን ስለ ሕክምናው የሚነገረውን ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ በአሜሪካ ኦሃዮ ሆኖ የምክክር ክፍለ ጊዜዎችን በሸክላ እየቀዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የአንድ ታካሚን ሕክምና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ሲያሳትም፣ ሥራው ራሱ ሊሰማ እንደሚችል ታየ። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት አልፏል፤ ከዶሴ ይልቅ ድምፅ የምንሰማ ሱፐርቫይዘሮች ዛሬም ብዙ አይደለንም።

ብቃት ላይ የተመሠረተ ሱፐርቪዥን የሚባለው አሠራር በስሙ የታወቀው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ልቦና አሠልጣኞች ተሰብስበው አንድ ሰልጣኝ በየደረጃው ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ከተመካከሩ በኋላ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ካሮል ፋለንደርና ኤድዋርድ ሻፍራንስኪ እ.ኤ.አ. በ2004 ሐሳቡን ለሱፐርቪዥን አዋቀሩት፤ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርም በ2014 መመሪያ አጸደቀበት። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ስንት ሰዓት ሠራህ መባሉ ቀርቶ ምን ማድረግ ትችላለህ፣ እንዴትስ ታወቀ የሚለው ይጠየቃል፤ «ምን ማድረግ» የሚለውም በእውቀት፣ በክህሎትና በአመለካከት ተተንትኖ፣ ሊታይ በሚችል ድርጊት ይጻፋል። «ብቃት» የሚለው ቃል እኛ አገር ሲኦሲ ፈተናን ስለሚያስታውስ፣ ለአዳዲስ ሰልጣኞች ሁልጊዜ አስቀድሜ የማስረዳው ይህ በአንድ ቀን ተፈትኖ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን ነው።

ወደዚያች ሰልጣኝ ልመለስ። ስሕተቷን በሦስቱ መስመሮች ስናየው፣ ከእውቀት በኩል ምንም አልጎደላትም፤ የአደጋ ምልክቶችን በቃሏ ትዘረዝራለች፣ ፈተናውንም በከፍተኛ ውጤት አልፋለች። ከክህሎት በኩል ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ አፏን ሞልታ ተናግራ አታውቅም፤ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተማሩትን ጥያቄ በእናት ቋንቋ ለእናት ዕድሜ ሰው ማቅረብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። አመለካከት ላይ ስንደርስ ዝም አለች። እኔ የጠበቅሁት መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣባቸዋል ብላ ፈርታ ይሆናል የሚለውን ነበር፤ ይህ ፍርሃት በሕዝቡም በባለሙያውም ዘንድ ይገኛል፤ ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚጨምር አላሳዩም። እርሷ ያለችኝ ግን ሌላ ነው፦ «አዎ ቢሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ለማን እንደሚደወል አልተነገረኝም።» ይህ የእርሷ ጉድለት ሳይሆን የእኔ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልነግራት ሲገባኝ አልነገርኋትም።

ስለዚህ ያደረግነው ምክር መስጠት አልነበረም። ስልክ ቁጥሮቹንና የተረኛውን ሐኪም ስም በአንድ ገጽ ጻፍን፤ ከዚያ ወንበር አዙረን እኔ ታካሚ ሆንሁ። ስምንት ጊዜ ያህል ጠየቀችኝ። በአራተኛው ላይ እንኳ «አይደል?» ሾልካ ገባች። በመጨረሻ የደረሰችበት አነጋገር የራሷ ነው፦ «እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስ፣ አንዳንድ ሰው መኖር ያስጠላዋል፤ ሞትን የሚመኝበት፣ ሕይወቴን ላጥፋ የሚልበትም ጊዜ ይኖራል። እርስዎስ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» ይህን ብሎ ዝም ማለት ነው። ዝምታው ከዐረፍተ ነገሩ ይበልጥ ልምምድ ጠይቋል።

እንዲህ ያለውን ልምምድ ለመመዘን የምንጠቀምበት መሣሪያ ኤናክት ይባላል። ተመራማሪው ብራንደን ኮርትና ባልደረቦቹ በኔፓል አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ሲሆን፣ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ይፋ ባደረጉት ኢኪዊፕ በተባለው፣ የረዳት ባለሙያዎችን ብቃት ለመመዘንና ለማሠልጠን በተዘጋጀ መድረክ ውስጥ ገብቷል፤ መድረኩ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚያ መድረክ ላይ ያለው ቅጅ አሥራ አምስት ነጥቦች አሉት፤ አነጋገርና የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ምስጢር ጠባቂነት፣ ስሜትን ማዳመጥ፣ ራስን የመጉዳት አደጋን ማጣራት፣ ቤተሰብን ማሳተፍ፣ ያልተጋነነ ተስፋ መስጠትና ሌሎችም። እያንዳንዱ ነጥብ አራት ደረጃ አለው። እኔ የወደድሁለት የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፤ «ደካማ» አይልም፣ ሊጎዱ የሚችሉ ድርጊቶችን ለይቶ ይዘረዝራል። ታካሚን መውቀስ፣ ችግሩን ማቃለል፣ ምስጢር ሊጠበቅ በማይችልበት ሁኔታ ይጠበቃል ብሎ ቃል መግባት፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሌላው ምንም ቢያምር በዚያ ነጥብ ደረጃው አንድ ነው።

ምዘናው የሚደረገው ታካሚ ሆኖ በሚጫወት ሰው ነው፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕረፍት ነው። ታካሚዎቻችን ድምፃቸው ሲቀዳ ይሰጋሉ፤ የሚሰጉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድምፅ ወጥቶ ሰው የተጎዳበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ ዓይነት ታሪክ የሚጫወት አንድ ሰው ለሁሉም ሰልጣኞች ሲቀርብ ግን ማንም አይጎዳም፤ ሰልጣኞቹም ከተመሳሳይ ችግር ጋር ስለሚገናኙ ማወዳደሩ ፍትሐዊ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጨዋታው እውነተኛውን ታካሚ አይተካም። በጨዋታው ሦስትና አራት ያገኘ ሰልጣኝ፣ የሚያለቅስ ሰው ከፊቱ ሲቀመጥ እጁ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አብሬ ገብቼ ጥግ እቀመጣለሁ።

ነጥቦቹን ወደ አማርኛ ስንመልስ ብዙ ተከራከርን። ኢምፓቲ (የሌላውን ስሜት በእርሱ ቦታ ሆኖ መረዳት) የሚለውን ቃል «ርኅራኄ» ብንለው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ሆነ፤ «ስሜትን መጋራት» ብንለው አብሮ ማልቀስ መሰለ። በመጨረሻ ስሙን ትተን ድርጊቱን ጻፍን፤ ታካሚው ያለውን በራስ ቃል መልሶ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ ማረጋገጥ፣ ስሜቱን በስሙ መጥራት፣ ሳይቸኩሉ ማቆየት። ያኔ «አይዞሽ» የምትለዋ ቃል ችግር ፈጠረች። «አይዞሽ» እናታችን ያሳደገችበት ቃል ናት፤ የምትከለከልም አይደለችም። ቅጂዎቹን ሳዳምጥ ግን ሰልጣኞች በብዛት የሚናገሯት ታካሚው ከባዱን ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ አንዳንዴማ…» ይላሉ ታካሚዋ፤ «አይዞዎት፣ ያልፋል» ትላለች ሰልጣኟ፤ ከ«አንዳንዴማ» ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደነበር ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ በሁለተኛው ደረጃ መግለጫ ላይ «ታካሚው ተናግሮ ሳይጨርስ ማጽናናት» የሚል ጨመርን። ይህን በኔፓል የጻፈ ሰው አይኖርም።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ አንተና እርስዎ ነው። አንድ ጎበዝ ሰልጣኝ ነበር፤ መምህር ለሆነው ታካሚ «እርስዎ»፣ በዕድሜ ታላቁ ለሆነው የቀን ሠራተኛ ግን ከመጀመሪያዋ ሰላምታ ጀምሮ «አንተ» ይላል። ራሱ አላስተዋለውም። «አክብሮት ይጎድልሃል» ብዬው ቢሆን ኖሮ ይጣላኝ ነበር፤ በልጅነቱ ሰው አክባሪ ተብሎ የተመሰገነ ልጅ ነው። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትዬ አሰማሁት፤ እኔ ምንም አልተናገርሁም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ «አቁሙት» አለኝ።

ይህ ወደ ይሉኝታ ያመጣኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒኮላስ ላዳኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 108 ሰልጣኝ ቴራፒስቶችን ጠይቀው ከመቶ 97 የሚሆኑት ከሱፐርቫይዘራቸው አንድ ነገር እንደደበቁ፣ በአማካይም አንዱ ሰው ስምንት ያህል ነገር እንደደበቀ አሳይተዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚደበቀው በሱፐርቫይዘሩ ላይ ያላቸው ቅሬታ ነበር። ይህ ሰው አለቃውን በስሙ በሚጠራበት አገር የተገኘ ነው፤ እኔን «ዶክተር» ብላ ብድግ ከምትል፣ የማለፊያ ፊርማዋም በእጄ ካለ ወጣት ምን እንደሚደበቅ መገመት አይከብድም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ እንስማማለን፤ ምን እንደሚመዘን፣ መቼ እንደሚመዘን፣ የትኛው ግድፈት ለመማሪያ ብቻ እንደሚሆንና የትኛው ወደ አስተዳደር እንደሚሄድ አስቀድማ ታውቃለች። በዚያው ቀን የራሴን አንድ የተበላሸ ቅጂ አሰማለሁ፤ ታካሚ ሲያለቅስ ሰዓቴን ያየሁበት ነው። ይሉኝታው በዚህ አይጠፋም፤ ትንሽ ይላላል።

የሱፐርቫይዘሩ ይሉኝታ ግን ከሰልጣኙ ይብሳል። የዓመቱን መጨረሻ ቅጾች ብትሰበስቡ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ነው። እኔ ራሴ በጣም የምወዳትን አንዲት ሰልጣኝ በሁሉም ነጥብ ከፍ አድርጌ ስመዝናት፣ ያንኑ ቅጂ ሳያውቃት የሰማ ባልደረባዬ በሦስት ነጥቦች ላይ አንድ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጋት። እንደገና ስሰማው እርሱ ትክክል ነበር፤ እኔ የመዘንሁት ትጋቷን ነው። በአውስትራሊያ ክሬግ ጎንሳልቬዝ ለዚህ የዘየደው ዘዴ ደስ ይለኛል፤ ቁጥር በመስጠት ፈንታ በየደረጃው ያለን ሰልጣኝ የሚያሳዩ አጫጭር ትረካዎች ይቀርባሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ የራሱን ሰልጣኝ የሚመስለውን ይመርጣል። ሰው ቁጥር ሲሰጥ ይለግሳል፤ መልክ ሲመርጥ ግን ልግስናው ይቀንሳል።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሣውን ተቃውሞም ቀላል አድርጌ አላየውም። ሥራው ወደ ምልክት ማድረጊያ ቅጽ ይወርዳል የሚሉ አሉ፤ ሲወርድም አይቻለሁ። የሚከብደው ግን ሌላው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 36 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ቴራፒስቶች በብቃት መመዘኛ ያገኙት ውጤት ከታካሚዎቻቸው መሻሻል ጋር ያለው ዝምድና ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ካነበብሁ በኋላ መመዘኛውን ልተወው አስቤ ነበር። ያልተውሁት ለምን እንደምጠቀምበት ስለ ለየሁ ነው። ሦስትን ከአራት፣ ደህናውን ከምርጡ ለመለየት ብዙም አልተማመንበትም፤ በላይኛው ደረጃ ላይ ታካሚውና ቴራፒስቱ እርስ በርስ የሚሆኑት ነገር ከየትኛውም ሰንጠረዥ ይሰፋል። አንድን ከሁለት ለመለየት ግን ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። «አላሰቡም፣ አይደል?» ደረጃ አንድ ነው፤ ምስጢር ማባከን ደረጃ አንድ ነው። ሁሉም የሚወደው፣ ታካሚዎቹም የሚያመሰግኑት አንድ ሰልጣኝ የታካሚን ታሪክ ስም እየጠራ በምሳ ሰዓት ያወራ ነበር፤ መመዘኛው ባይኖር ኖሮ «ልጁ ጥሩ ነው» ብለን እናሳልፈው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ነገርሁት፣ የማስተካከያ ዕቅድና ቀን ሰጠሁት፣ በዓመቱ መጨረሻም አላስገረመውም፤ አንድ መንፈቅ ተጨመረበት።

ሰዓቱን የሚቆጥረው ሎግቡክ አሁንም አለ፤ ተቋማት ይፈልጉታል፣ እኔም እፈርማለሁ። አጠገቡ ግን እያንዳንዱ ሰልጣኝ የሰማነውን ዐረፍተ ነገርና የተለወጠበትን መንገድ የሚጽፍበት ተራ ደብተር አለ። የዚያች ሰልጣኝ ደብተር አምስት ገጽ ሙሉ ስለ ዝምታ ነው።

በዚህ በሚያዝያ ራሴን ለመመዘን ወስኜ፣ ከሰልጣኟ ጋር ተስማምተን፣ የአንድ ሱፐርቪዥን ሰዓታችንን ቀድቼ ለዚያው ባልደረባዬ ሰጠሁት። ከሃምሳው ደቂቃ ሠላሳ አራቱን እኔ አውርቻለሁ። ከሥር በእርሳስ የጻፈልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «‹ገባሽ፣ አይደል?› ሰባት ጊዜ።»